ታይፎይድ ተባለ፣ ጫት ተባለ፣ ዓይን ተባለ፤ ወንድሜን ምን ብዬ ልውሰደው? (ሐዋሳ)

የአቶቴ_ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ባጃጅ ይነዳል። ከመናኸሪያ አቶቴ፣ ከአቶቴ ፒያሳ ሲል ነው የሚውለው። ይውል ነበር ልበል እንጂ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ባጃጇ ግቢ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባታል። እሱ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ሲነሳም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ምግብ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል። ዓሣ ጥብስ እንኳ! አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ካልበላ ቅዳሜው ቅዳሜ የማይመስለው ልጅ ነበር። ስናናግረው «ደክሞኛል» ነው መልሱ። አንድ ቀን ለእናቴ «እኔ ለምንም የማልሆን ሰው ነኝ» አላት። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። «ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል» አለ። ደም ተወሰደ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ። (ሐዋሳ ውስጥ ተመርምሮ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ።) መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ጨጓራ ተባለ። አክስቴ የሰው ዓይን ነው አለች። አጎቴ ጫት ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ አለ።

እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ አንድ መጠይቅ አገኘሁ። 9 ጥያቄ ነው። ሞላሁት፣ ከ27 19 መጣ። ጠንከር ያለ ድባቴ ነው ይላል። አዲስ አበባ ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት አለ፣ በሐሙስ መኪና ልላክልሽ ብላኛለች።

ልስጠው?

ሦስት_ጎማ · ሰኞ፣ ማታ 3፡32

እኛ ባጃጅ ነጂዎች መደበር ብንጀምር ሐዋሳ በእግሯ ትሄድ ነበር። ቀልዴን ነው፣ አትቀየሚኝ።

ግን ጫቱን በግልጽ ንገሪን። ወንዶ ነው የሚቅመው? በየቀኑ ነው? ቅሞ ያቆመ ሰው እንደዚህ ይሆናል። እኔ ሳቆም ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ዱካኩማ አይወራም፣ ሦስት ሌሊት ሰው ደረቴ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ሲስተር_ነኝ · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ከተማ። የምሠራበትን ቦታ አልናገርም።

እህቴ፣ መድኃኒቱ ቢደርስም ከፌስታሉ እንዳታወጪው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጠይቁን ማን ነው የሞላው? «ሞላሁት» ብለሻል። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እኛም እንጠቀምበታለን። ሰውዬው ባለፉት 2 ሳምንታት የተሰማውን ነው የሚጠይቀው። አንቺ ስትሞዪው ግን 19 ያመጣው ያንቺ ጭንቀት ነው። እሱ በእጁ ቢሞላውም ወንፊት ነው። ወንፊት ይለያል እንጂ አይጋግርም።

አሁን የምጠይቅሽን አስቢበት። የጀመረበትን ሳምንት ታስታውሻለሽ? ቀስ እያለ መጣ ወይስ በአንዴ? ከዚያ በፊት ምን ደረሰበት፣ ሞት፣ ዕዳ፣ መለያየት? ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? የሚጥል በሽታ አለበት? ሌላ መድኃኒት ይወስዳል? የቲቢ መድኃኒት አይኤንኤች አንዳንዱን ሰው አእምሮውን ሲያናውጠው አይቻለሁ። እንቅርት በቤታችሁ አለ? የእንቅርት ዕጢ ሲሰንፍ ሰውን ልክ እንደ ድባቴ አድርጎ ያስተኛዋል፣ ሲፈጥን ደግሞ ልብ እያስመታ ጭንቀት ይመስላል። ብቻውን ሲያወራ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፣ «ይከታተሉኛል» ሲል ታይቷል? ጫቱ ቀደመ ወይስ ድብርቱ? በቤተሰብ ውስጥ «ጨርቁን ጣለ» የተባለለት፣ ስሙ የማይነሳ አጎት ወይም አያት አለ?

ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ያውቃል? እንቅልፍ ሳያሻው፣ ጉልበቱ ተርፎ፣ ወሬው ፈጥኖ፣ ገንዘብ በትኖ?

አንድ ነገር ግን ለዛሬ ማታ ነው። «ለምንም የማልሆን» ያለ ልጅ ስለ መሞት አስቦ እንደሆነ ጠይቂው። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ይቀላቸዋል። አዎ ካለሽ ብቻውን አይደር፣ የተባይ መርዝና ገመድ ከቤት ይውጣ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አራተኛ_ዓመት · ሰኞ፣ ማታ 4፡40

ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ነገሩ ያን ያህል አይወሳሰብም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ) ለድባቴ 9 ምልክቶች አሉት። የተከፋ ስሜት፣ ደስ ይል ከነበረ ነገር መራቅ፣ የምግብ ፍላጎት ወይም ክብደት መለወጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፣ መቁነጥነጥ ወይም መንቀርፈፍ፣ ድካም፣ ራስን ያለ ልክ መውቀስ፣ ማተኮር አለመቻል፣ የሞት ሐሳብ። ከ9ኙ 5ቱ ለ2 ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል ካሉ፣ ከ5ቱ አንዱ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ከሆነ፣ ኑሮን ካሰናከለ፣ ድባቴ ነው። ወንድሟ ስድስት ሰባቱን አሟልቷል። አለቀ።

ጋሼ_ጡረታ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

አራተኛ ዓመት፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በ2ኛው ሳምንት ያልካቸው 9ኙም ነበሩብኝ። ገና አርባዋ አልወጣም ነበር። ሌሊት ድምጿን ሰምቼ «አቤት» ብዬ ተነስቻለሁ። እና በእናንተ መጽሐፍ እኔ በሽተኛ ነበርኩ? በእኛ አገር ሐዘንተኛ በ2 ሳምንት ተነስቶ ሥራ ቢገባ ነው ምን ነካው የሚባለው።

አራተኛ_ዓመት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡02

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እውነት ለመናገር በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቱም ተጣልተውበታል። የቀድሞው ዲኤስኤም ሐዘንተኛን ለ2 ወር ያህል ይታገሥ ነበር፣ የ2013ቱ ያንን አነሳው። ብዙ ሰው ተቆጥቷል።

ሲስተር_ነኝ · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

ጋሼ፣ እርስዎ በሽተኛ አልነበሩም። በእኛ ሥራ ልዩነቱን የምናይበት መንገድ አለ። ሐዘን እንደ ሐይቁ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይመለሳል። በመካከሉ ሰው ሲያጫውትዎ ፈገግ ይላሉ፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ይበላሉ። የሚናፍቁት እሷን ነው፣ ራስዎን ከንቱ ነኝ አይሉም። ድባቴ የያዘው ሰው ግን የሚጠላው ራሱን ነው፣ በመካከልም ፋታ አይሰጠውም። የሟች ድምፅ ለቅጽበት መስማትም በሐዘን ወቅት ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፣ ብቻውን እብደት አይባልም። ሐዘኑ ሳይላላ ቆይቶ ሰው መኖር ካቃተው፣ ለዚያ አሁን የተለየ ስም ወጥቶለታል። በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር ቢያንስ 6 ወር፣ በዲኤስኤም 1 ዓመት ነው።

አራተኛ ዓመት፣ አንተ ግን «አለቀ» ያልከው ገና አልተጀመረም። ቁጥሩን በትክክል ቆጥረሃል፣ ጎበዝ። መጽሐፉ ከቁጥሩ በታች «በሌላ በሽታ፣ በመድኃኒት ወይም በሚወሰድ ነገር ያልመጣ፣ ከዚህ በፊትም ማኒያ ያልነበረ» ይላል። ማኒያ ማለት ያ ተቃራኒው ብዬ የጠየቅሁት ነው። ተማሪ ሁሉ የሚዘለው እሷን መስመር ነው። እኔም ዘልያት አውቃለሁ።

የአቶቴ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ትናንት ማታ ጠየቅሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል፣ ግን ራሴን ምንም አላደርግም፣ እማዬ አለች» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። አብረን አለቀስን። አሁን ታላቅ ወንድሜ እሱ ክፍል ነው የሚያድረው።

ሲስተር፣ መጠይቁን አዎ እኔ ነኝ የሞላሁት። አፍሬያለሁ። ጫት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ይቅም ነበር፣ ድብርቱ ሲመጣ ነው ያቆመው። ከባጃጅ ወድቆ አያውቅም። መድኃኒት የለም። ድምፅ የለም። የአባቴ ወንድም ነበሩ፣ ስማቸው አይነሳም፤ ከየት አወቅሽ? ተቃራኒው ግን የለም። ረጋ ያለ ልጅ ነው።

ሲስተር_ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ጎበዝ እህት። «ባልነቃ» ማለትም ቀላል አይደለም፣ ወንድምሽ አብሮት ይደር። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ድሮ ለአእምሮ ሕመም አማኑኤል ካልተሄደ ይባል ነበር፤ አሁን እዚሁ ሪፈራል የሳይካትሪ ክፍል አለ። ብዙ ጤና ጣቢያዎችም መለየትና መጀመር የሚችሉ ሠልጣኞች አሏቸው፣ ከቅርባችሁ ጀምሩ።

የአባትሽን ወንድም ነገር ለሐኪሙ ንገሪ። ማንም ቤት ብትሄጂ አንድ ስሙ የማይነሳ ሰው አለ።

ልብ_አለኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ከርዕሱ ብወጣም የእኔን ልናገር፣ ምናልባት የሚጠቅመው አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሻሸመኔ በሚኒባስ ስመጣ ልቤ በድንገት መደለቅ ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ። እጄ ደነዘዘ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሞትኩ ብዬ ሹፌሩን አስቆምኩት። ተሳፋሪው ውኃ አፈሰሰብኝ፣ አንዷ እናት በስመአብ አለችብኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ለቀቀኝ። ከዚያ በወር አራት አምስቴ መጣ። የልብ ምርመራ ሦስት ቦታ ተነሳሁ፣ «ልብህ እንደ ፈረስ ነው» ተባልኩ። እኔ ግን አላመንኩም። መኪና መሳፈር ተውኩ። ገበያ መሄድ ተውኩ። ሚስቴ የምትሄድበት ሁሉ መሄድ ጀመርኩ፣ ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው እንዲኖር።

አንድ ጠቅላላ ሐኪም ነው በመጨረሻ «ከሕመሙ ይልቅ የምትፈራው የሚቀጥለውን መምጫ አይደል?» ያለኝ። እዚያው ነው ያወቀኝ። ፓኒክ ይባላል አለኝ። በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካል፣ ራሱ ይወርዳል፣ አይገድልም። በሽታ የሚያሰኘው አንድ ጊዜ መምጣቱ አይደለም፤ ቢያንስ 1 ወር «ደግሞ ይመጣ ይሆን» እያሉ መኖርና ኑሮን በዚያ ምክንያት መቀየር ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ልጅ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሁሉም ነገር ለ6 ወርና ከዚያ በላይ መብሰልሰል ደግሞ ሌላ ነው፣ ስሙም ሌላ ነው።

አሁን ሻሸመኔ ደርሼ እመለሳለሁ። ብቻዬን።

የጸበል_ልጅ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

ሁላችሁም ስለ መጽሐፍና ስለ ኪኒን ታወራላችሁ። ልጁን ጸበል ውሰዱት የሚል አንድ ሰው ጠፋ? የእኔ እህት በጸበል ነው የዳነችው። ሰው መንፈስም አለው።

ሦስት_ጎማ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡41

በእኛ በጴንጤዎቹም ያው ነው እህቴ። ልዩነቱ እኛ ዘይት ነው የምንቀባው። የእኛ ሰፈር አንዱ «ተፈውሰሃል፣ ኪኒኑን ጣለው» ተብሎ መድረክ ላይ ጣለው። በወሩ አስፋልት መሃል ቆሞ መኪና ሲያስተናብር አገኘነው።

የጸበል_ልጅ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

እኔ ኪኒን ጣሉ አላልኩም! እህቴም በመካከል ጥላው ነበር፣ ከጸበል ጋር አይሄድም ያላት ሰው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰባት። በኋላ አንድ አባት ናቸው «ኪኒኑንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ በጸበሉ ዋጪው» ያሏት። እኔ የምለው ሁለቱም ይሁን ነው። መታሰርና መመታት ካለበት ቦታ ግን እኔም አልወስድም።

አራተኛ_ዓመት · ረቡዕ፣ ቀን 5፡30

በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት የተጠየቀበት ትልቅ ጥናት ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሲገኙ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና የሚባል አይተው አያውቁም። ጸበሉን ከተውን እኮ ለብዙው ሰው ሌላ ምንም አልነበረም። (ይህን የምለው ትናንት የሲስተርን ቁጣ ከቀመስኩ በኋላ ነው።)

ቡና_ያለስኳር · ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

አንድ ጥያቄ፣ ከተፈቀደ። ሰው «ጠላቶቼ አስደግመውብኛል» ወይም «መልአክ አናገረኝ» ሲል እምነት ነው ወይስ ሕመም? እኛ ቤት እንደዚህ የማይል የለም።

ደግሞ ቲክቶክ ላይ አይቼ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ሻይ ጥጄ እረሳለሁ፣ አሥር ነገር እጀምራለሁ።

ሲስተር_ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

የመጀመሪያው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እምነትን አልመረምርም። የማደርገው የራሱን ሰዎች መጠየቅ ነው። አብረውት የሚያመልኩት፣ አንድ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች «ይህስ ከእኛም አይደለም» ካሉ ያኔ ጆሮዬ ይቆማል። አንድ ሙስሊም አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተው «ጂን እናውቃለን፣ ይህ ግን ጂን አይመስለኝም፣ ልጄ መታጠብ ትቷል» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ከሚናገረው በላይ የተወውን ነገር ነው የማየው፤ ንጽሕናውን፣ ጓደኛውን፣ ሥራውን። ስኪዞፍሬኒያ (ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ ሕመም) የሚለው ስም በአንድ ሳምንት አይለጠፍም። በዓለም ጤና ድርጅት 1 ወር፣ በዲኤስኤም መገለሉና መዳከሙም ተቆጥሮ 6 ወር መሙላት አለበት። በጫት የመጣ ከሆነ ደግሞ ጫቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይጠራል። ስሙ እስኪወጣ ግን ሕክምናው አይቆምም፣ ይህን ሰው ይሳሳተዋል።

ኤዲኤችዲ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር አለበት፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየት አለበት። ሻይ መርሳትሽ አምና የጀመረ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ ንገሪኝ።

ቡና_ያለስኳር · ረቡዕ፣ ማታ 1፡52

ሌሊት 9 ሰዓት። ቲክቶክ ላይ። ገባኝ።

የመሐል_ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

እናታችን 71 ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ ማታ ጤነኛ ሆና አመሸች፣ በማግስቱ ግድግዳ ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል አለች። ከሰዓት ደህና ሆነች። ማታ ደግሞ እኔን በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ዘመድ ተሰብስቦ እርጅና ነው፣ ጃጀች፣ የለም መንፈስ ነው ሲል ሁለት ቀን ሄደ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። በመድኃኒት በሳምንቱ ቡና አፈላች፣ ምንም አታስታውስም። በዕድሜ የገፋ ሰው በድንገት ከተቀየረ፣ ደግሞ እየመጣ እየሄደ ከሆነ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት። መቃዠት ነው እንጂ እብደት አይደለም።

ሲስተር_ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡44

ትክክል። በእኛ ከተማ ትኩሳት ካለ ወባም ከሁሉ በፊት ይታይ። አራስም እንዲሁ። በወለደች በ2 ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ አጥታ ግራ የሚያጋባ ነገር መናገር የጀመረች አራስ ድንገተኛ ናት፣ ለእሷም ለልጁም። አሮጊቶቻችን አራስ ብቻዋን አትተው የሚሉት ያለ ነገር አይመስለኝም።

የአቶቴ_ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡20

እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ጽፌ ልተኛ።

ዛሬ መድኃኒቱ ደረሰ። ከፌስታሉ አላወጣሁትም። ነገ ልንሄድ ስለሆነ የሲስተርን ጥያቄዎች ጮክ ብዬ ለእማዬ አነበብኩላት። «ተቃራኒው ሆኖ ያውቃል» ስል እማዬ ምን አለች መሰላችሁ? «አምና በፍቼ ሰሞን እንደነበረው ማለቷ ነው? ልጄ የተባረከበት ጊዜ?»

እኔ ያን ጊዜ ዲላ ነበርኩ፣ ለሥራ። በስልክ ብቻ ነው የሰማሁት። ልጁ አሥር አሥራ ሁለት ቀን በሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ ይተኛ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ እየዘመረ ባጃጅ ያጥባል። አሮጊት ሲያገኝ በነፃ ይጭናል፣ ከዚያ ሁሉንም በነፃ መጫን ጀመረ። ለጫምባላላ በዓል ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ ልብስ ልግዛ አለ። ሐይቁ ላይ የምትንሳፈፍ ባጃጅ እሠራለሁ፣ ፍቅር ሐይቅ ላይ ቱሪስት እጭናለሁ ብሎ ከሦስት ሰው 40,000 ብር ተበደረ። ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ስሏል፣ አሁንም አለች። ስታወሪው ቃል አያስገባሽም ነበር አለች እማዬ። እና እኛ ምን አልን? ነቃ፣ ተባረከ፣ ሰው ሆነ። አጎቴ ምርቃና ነው ሲል ተቆጥተን ዝም አሰኘነው። ከዚያ ደከመው ተኛ፣ በዚያው ቀረ ነገሩ። ያበደሩት ሰዎች ግን እስካሁን ይደውላሉ።

ረጋ ያለ ልጅ ነው ብያችሁ ነበር። አልዋሸሁም። እኔ የማውቀውን ነው ያልኩት።

ሲስተር_ነኝ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡58

እናትሽን ሳሚልኝ። ይቺን ታሪክ ለማግኘት እኛ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጅብናል። ማንም ቤተሰብ «ልጃችን በጣም ደስ ብሎት ነበር» ብሎ ሐኪም ቤት አይመጣም። የሚመጡት ሲወድቅ ነው። በሽተኛውም አይናገርም፤ ለእሱ ያ ጊዜ ጤነኛ የነበረበት ጊዜ ነው።

ምርቃና እንዳይባል፣ ምርቃና በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፣ ሲበርድ ዕቅዱም አብሮ ይበናል። አሥር ቀን አይቆይም፣ ሁለት ሰዓት ተኝቶም አያነቃም። ስሜት እንዲህ ከፍ ብሎ፣ እንቅልፍ ሳያሻ፣ ወሬና ወጪ በዝቶ 1 ሳምንት ከቆየና ኑሮን ካናጋ ማኒያ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 4 ቀን ሆኖ ቀለል ካለ ሌላ ስም አለው። ነው አልልሽም። በጽሑፍ ሰው አይመረመርም። ግን መድኃኒቱን አትስጪው ያልኩሽ ለዚህ ነበር። እንደዚህ ያለ ታሪክ ላለው ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ያን የአምናውን ሊመልስበት ይችላል፣ በእጥፍ።

ነገ እናትሽም ትምጣ። አንቺ ብቻሽን እንዳትሄጂ።

ሦስት_ጎማ · ሐሙስ፣ ማታ 5፡06

አንዴ፣ የምትንሳፈፍ ባጃጅ? እኔ ያን ልጅ አውቀዋለሁ! አምና መናኸሪያ ጋ አስቁሞ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቶኛል። እኔም ልገባበት ነበር፣ እግዜር ነው ያወጣኝ። በጣም ደስ የሚል ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ አትጨነቂ።

የአቶቴ_ልጅ · ከ10 ቀን በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት

ስላልጻፍኩ ይቅርታ። ሄድን።

ወረፋው ረጅም ነበር። ገብተን ግን ሃምሳ ደቂቃ ያህል አናገሩን። መጀመሪያ እሱን ለብቻው፣ ከዚያ እማዬን ለብቻዋ፣ ከዚያ አብረን። ደም ተወሰደ፣ የእንቅርት ምርመራም አለበት። ታይፎይድ የሚል ቃል ሳይነሳ ስወጣ ግራ ገባኝ። ስሙን ስጠይቅ ሐኪሟ «ባይፖላር (ስሜትን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርግ ሕመም) ይመስለኛል፣ ግን የላብራቶሪውን ውጤት ልይ፣ እንደገናም ልየው» አለች። ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀመረ፣ በየ2 ሳምንቱ ቀጠሮ አለው። የአባቴን ወንድም ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ስንት ዓመታቸው ነበር ሲጀምራቸው?» አለችኝ። አባቴ ተደውሎለት ተናገረ። ሃያ አራት። በሕይወቴ ስለ እሳቸው ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ገና አልዳነም። አሁንም ብዙ ይተኛል። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ስሜቱን በደብተር ጻፉ ተብለናል፣ እማዬ እኔን ትልና ታስጽፈኛለች። የ40,000 ብሩን ነገር ታላቅ ወንድሜ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ በወር በወር እንዲከፈል አድርጓል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ጨረሰ። አክስቴ አሁንም ዓይን ነው ትላለች፣ ጸበሉን በጀሪካን ልካለች፣ ኪኒኑን በእሱ ይውጣል።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። ትናንት ተነስቶ ባጃጇን አጠበ። ቀን 8 ሰዓት ነው፣ አልዘመረም። ሃያ ደቂቃ አጥቦ ደክሞት ገባ። እኛ ግን መስኮት ላይ ተደርድረን ስናየው ነበር፣ እማዬ ሰዓት እየቆጠረች። ደብተሩ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?

ሲስተር_ነኝ · እሑድ፣ ማታ 12፡40

«ባጃጅ አጠበ፣ 20 ደቂቃ፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ሌሊት ይህን ያህል ሰዓት ተኝቷል» ብለሽ ጻፊ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። መስኮቱንም ልቀቁለት።